በመቋሚያ የተለካች ትራክተር

ምድርን ሣር ያለበሳት፣ በዝናሙም በበጋውም ከእኛ የማይለይ እግዚአብሔር ስሙ የተመሰገነ ይሁን። በእርሱ ፈቃድ የምጽፈው ነገር ትልቅ አይደለም። ደብራችን ለቅጥር ግቢዋ አነስተኛ ትራክተር ስትገዛ እኔም ከመራጮቹ አንዱ ነበርኩ፤ የማስታውሰውም ያንን ምርጫ ነው።

ካዛንቺስን ቀድሞ የሚያውቅ ሰው የግቢያችንን ሣር ማን ያጭደው እንደነበር ያውቃል። ክረምቱ ገብቶ ሣሩ ጉልበት ሲደርስ፣ ቅዳሜ ከቅዳሴ በኋላ የሰፈሩ ወንዶች ማጭዳቸውን ይዘው ይመጡ ነበር። የመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ መምህሩ፣ ባለሱቁ በአንድ መሥመር አጎንብሰው ያጭዳሉ። እኔ በዜማ እያበረታታሁ ከማጨዱ እሸሻለሁ እየተባልኩ እታማ ነበር፤ ሐሜቱም ፈጽሞ ሐሰት አልነበረም። ባለቤቴ ዳቦ ስታድል እኔ ዘንድ ስትደርስ፣ «ለዘፋኙ የተረፈው ቅርፊቱ ነው» ትለኝና ሰው ሁሉ ይስቅ ነበር።

ኋላ ሰፈሩ ፈረሰ፤ ጎረቤቶቼም ወደ ከተማው ዳርቻ ሄዱ። ማንንም ለመውቀስ አልጽፍም፤ ብዙዎቹ የተሻለ ቤት እንዳገኙ በስልክ ነግረውኛል። የእኔ ክፍል ከፈረሰው ቦታ ወደ ደብሩ ቀረብ ብላ ስለነበረች ሳትፈርስ ቀረች። ጠዋት ለኪዳን ስወጣ «እንዴት አደሩ» የሚለኝ ሰው ሳላገኝ ደጀ ሰላሙ ላይ እደርሳለሁ። ባለቤቴ ግን ያ ሁሉ ከመሆኑ አስቀድማ ዐርፋ፣ በግቢው ምሥራቅ በመቃብሮቹ መካከል በሚያልፈው ጠባብ መንገድ ጠርዝ ላይ ተቀብራ ነበር። ከቀድሞ ጎረቤቶቼ ከቦታዋ ያልተነሣች እርሷ ብቻ ሆነች። ከኪዳን መልስ ከአጠገቧ ቆሜ የሰፈሩን ወሬ እነግራት ነበር፤ ሰፈሩ ሲሄድ ወሬውም አለቀብኝ።

አጫጅ ሲጠፋ ሰበካ ጉባኤው ዓመቱን ሙሉ የምታገለግል ትራክተር እንድትገዛ ወሰነ። በክረምት ሣር ታጭዳለች፣ የበሩን ጭቃ ትጠርጋለች፤ በበጋ ለችግኞቹ ውኃ ታመላልሳለች፤ በበዓል ሰሞን ድንኳንና ቆሻሻ ትጎትታለች። እንድንመርጥ የተላክነው ሦስት ነን፦ የደብሩ አለቃ፣ የጉባኤው ሰብሳቢና እኔ። ሰብሳቢው የሚኖረው ላንቻ ነው፤ ወደ ደብራችን ዘግይቶ የመጣ ትጉህ የመሥሪያ ቤት ሰው ነው። በዚያ መንገድ ዳር ማን እንደተቀበረ አያውቅም ነበር። እኔም አልነገርኩትም።

ከመሄዳችን በፊት ያንን መንገድ ለካን፤ ትራክተሯ ወደ ምሥራቁ ሣር የምትገባው በእርሱ ብቻ ነው። ሜትር የያዘ ሰው አልነበረምና በማኅሌት የምደገፍበትን መቋሚያ በመንገዱ ላይ አጋደምኩት፤ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ልክ አንድ መቋሚያ ሆነ።

ከቄራ ከፍ ብሎ ባለው የእርሻ መሣሪያ መሸጫ የተቀበለችን ሻጭ አንደበተ ርቱዕ ወጣት ናት። መጀመሪያ የጠየቀችን ስለ ሞተሩ ሳይሆን ስለ ግቢያችን ነው፤ ስፋቱን፣ ቁልቁለቱን፣ ማን እንደሚነዳት። መለዋወጫ በቀላሉ የማይገኝለትን እንዳንመርጥም አሳሰበችን። ሁለት አቀረበችልን። አንዱ ትልቅ፣ ባለ መስታወት ጋቢና፣ ከፊቱ አፈር የሚዝቅ አካፋ ያለው ነው። ሁለተኛዋ ትንሽ፣ ጣሪያ የሌላት ናት። ሰብሳቢው በትልቁ ልቡ ተሰረቀ። ጭቃው ብዙ ነው፣ የውኃው በርሜል ከባድ ነው፣ አንዴ ከገዛን አይቀር ጉልበት ያለው ይሁን አለ። ያለው ሁሉ እውነት ነበር።

እኔ መቋሚያዬን በትልቁ ጎማዎች ፊት አጋደምኩት። ስፋቱ ከመቋሚያዬ በጥቂት አነሰ። ልቤ ዐረፈ፤ ያልፋል ማለት ነው።

ሻጯ እየሳቀች፣ «አባባ፣ ያለ ማጨጃው እኮ ነው የለኩት» አለችኝ።

ማጨጃውን ከኋላው አስገጥማ አሳየችን። በግራም በቀኝም ከጎማው አልፎ ወጣ። መቋሚያዬ አልደረሰበትም።

ሰብሳቢው ጥቂት አሰበና፣ «በጠርዝ ያሉትን ጥቂት መቃብሮች ወደ ውስጥ ብናዛውር ያልፋል» አለ። «ዘመዶቻቸውን ማስፈቀድ ነበር፤ ግን የሰፈሩ ሰው ሄዷል፤ ማን ይጠየቃል?»

«እኔ ልጠየቅ» አልኩት። «አንደኛው የባለቤቴ ነው።»

መቋሚያዬን ከመሬት ለማንሣት ጎንበስ ብዬ ነበር፤ ቶሎ ቀና ማለት አልቻልኩም።

«የኔታ፣ ምነው ቀድመው ቢነግሩኝ» አለ ሰብሳቢው ዝቅ ባለ ድምፅ።

ለደብሩ የምመርጥ መስዬ ለእርሷ እንዳልመርጥ ፈርቼ ዝም እንዳልኩ ነገርኩት። ትልቁ ለደብሩ የሚሻል ከሆነ እንደማልከለክል፣ ነገር ግን በዚህ ነገር ድምፅ መስጠት እንደማይገባኝ ጨምሬ ተናገርኩ። ሰብሳቢው ባርኔጣውን አወለቀ።

አለቃው እስከዚያ ድረስ በትንሿ ትራክተር ዙሪያ ይዞሩ ነበር። የማጨጃዋን ስፋት በእኔ መቋሚያ አስለኩ፤ መቋሚያው ተረፈ። የውኃውን በርሜል ትጎትት እንደሆነ ጠየቁ። ሻጯ ሁለት ጊዜ ተመላልሳ እንደምትጎትት መለሰች።

«ሁለት ጊዜ ትመላለስ» አሉ አለቃው። «እኔም አጭር ነኝ፤ ቅዳሴ ግን አጓድዬ አላውቅም። ያረፈውን ሰው አናንቀሳቅስም።»

ትንሿ ተገዛች። ጠበል ተረጨች፣ የግቢው ዘበኛ መንዳት ተማረ። ሰፈር ሙሉ ሰው ሲደክምበት ይውል የነበረውን ሣር ረፋድ ላይ ትጨርሰዋለች። በመጀመሪያው ቅዳሜ አጥሩ ሥር ተቀምጬ አየኋት። ማንም አላማኝም፤ ዳቦም የሚያድል አልነበረም። ሞተሩ ሲጠፋ የታጨደው ሣር ሽታ ብቻ ቀረ።

ማጨጃው ግን ወደ መቃብሮቹ ድንጋይ መጠጋት አይችልም፤ በእያንዳንዱ ዙሪያ ያልታጨደ ሣር ይተዋል። ሰብሳቢው ሠራተኛ እንቅጠር ሲል ለእኔ እንዲተውልኝ ለመንኩት። ማጭዴን ስዬ በባለቤቴ ጀመርኩ። ከዚያ ወደ ቀጣዩ አለፍኩ፤ የባለሱቁ እናት ናት። ስጨርስ ለልጇ ደወልኩለትና የእናቱን ዙሪያ እንዳጨድኩ ነገርኩት።

«ሣሩ ዘንድሮ በረታ?» አለኝ።

መበርታቱን ነገርኩት። አንድ ቅዳሜ እመጣለሁ አለ። መንገዱ ሩቅ ነው፤ እስካሁን አልመጣም። ለእርሱም አንድ ማጭድ ስዬ ከመቋሚያዬ ጎን አቁሜለታለሁ።

ይህን ያነበብህ፣ ያነበብሽም፣ እግዚአብሔር ደጃችሁን ከሰው ድምፅ አያራቁተው፤ በቤታችሁ ያሉትን በጤና ይጠብቅ፣ ከቤታችሁ የራቁትን በሰላም ይመልስ፣ ያረፉባችሁንም በዕረፍታቸው ያኑርላችሁ። አሜን።