ዓይን ሳያይ የተጻፈ ደብዳቤ

ይህን የምጽፈው ሦስት ምንጮችን ይዤ ነው፤ የራሴን ትውስታ፣ ልጄ ጽጌ ደጋግማ የምትተርከውን እና የዚያን ዘመን የኪስ ማስታወሻዬን። ማስታወሻው ስለምተርካት ዕለት የሚለው «ጎማ። ግመል። ሰመራ።» ብቻ ነው። የመጀመሪያው ምንጭ አርጅቷል፤ ሁለተኛዋም ያኔ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አንባቢ ይህን አውቆ ያንብብ።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ባለፈው ሳምንት የመጣልኝ ስልክ ነው። ጽጌ ሁለት ልጆቿን ይዛ ወደ ሰመራ ስትጓዝ መኪናዋ ሚሌ ላይ ተበላሽቶባት ነበር። እኔ ስለ መካኒክና ስለ ውሃ ስጠይቃት፣ እሷ ስለበሉት ሩዝና ስለ ልጆቹ ሳቅ ታወራኛለች። ይህ ጠባይዋ ከእኔ እንዳልተወረሰ ለማንም በማልሁ ነበር፤ አንዲት ቀን ባትኖር።

ያኔ አዋሽ ሰባት ኪሎ አስተማሪ ነበርኩ። ወደ ጂቡቲ የሚያልፈው የጭነት መኪና ከቀን ወደ ቀን የሚበዛበት፣ የሰመራም መሠረት ገና በሜዳው ላይ የሚጣልበት ዘመን ነው። ወደዚያች አዲስ ከተማ እንድዛወር ተጠየቅሁ። የደጋ ልጅ ነኝና አዋሽን እንኳ የለመድኩት በብዙ ማጉረምረም ነው። ባለቤቴ ውሳኔውን ለእኔ ተወችው። ጽጌ ግን «ከተማ ሲሠራ አይቼ አላውቅም» ብላ ያዘችኝ።

«ሄደን አይተን እንወስናለን» አልኳት። ይህን ስላት፣ ዝውውሩን የማልቀበልበትን ምክንያት በሰባት ነጥብ የዘረዘርኩበት ደብዳቤ ተፈርሞ ኮት ኪሴ ውስጥ ነበር።

ጊዜው የጥር መጨረሻ ይመስለኛል፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር ብዙም አልሳሳትም። የተሳፈርንበት አውቶቡስ ከሚሌ ወደ ባቲ ስለሚታጠፍ ወርደን፣ ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው በጭነት መኪናው ጋቢና አሳፈረን። ጋቢናው ናፍጣ ናፍጣ፣ ሀብሃብ ሀብሃብ ይሸታል። ሎጊያ ሳንደርስ ጎማ ፈነዳ።

ሰይድ ከመኪናው ሥር እንደገባ፣ አራት ግመል የሚነዱ አንድ የአፋር ሽማግሌ ደረሱብን፤ ሁመድ ይባላሉ። ሰላምታ ሰጥተው ከየት እንደመጣን ጠየቁ። ከአዋሽ አልኩ።

«ምን አለ?»

«ደህና ነው። ምንም የለም።» በእኛ ዘንድ ጨዋ መልስ ይህ ነው።

ሽማግሌው ፊታቸው ጠቆረ። ሰይድ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ «መምህር፣ እዚህ እንዲህ አይባልም» አለኝ። «ዳጉ ነው የጠየቁዎት። መንገደኛ ያየውን የሰማውን ሁሉ ይሰጣል፤ የሌላውንም ይቀበላል። ወላሂ፣ ግመሉ ቢጠየቅ ከእርስዎ የተሻለ ይመልስ ነበር።»

ያኔ ጽጌ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ጀመረች። ገዋኔ ላይ ሣሩ እንደ ደረቀ፣ ሚሌ ገበያ ፍየል እንደ በዛ፣ ሰይድ ጥሬ ሀብሃብ ተሸጦለት ከነጋዴዋ ጋር እንደ ተጨቃጨቀ። ሽማግሌው በየመሃሉ «አየሽ ወይስ ሰማሽ?» ይሏታል፤ እሷም ለይታ ትመልሳለች። ስለ ምንጭ ምርመራ በዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት የሚያንስ አልነበረም። እየተደነቅሁ ሳዳምጥ እንዲህ ስትል ሰማኋት፦

«ሰመራን አይተን ልንወስን ነው የምንሄደው። አባዬ ግን እምቢ የሚለውን ደብዳቤ ጽፎ ጨርሷል። ኪሱ ውስጥ ነው።»

«አየሽ ወይስ ሰማሽ?»

«ሲጽፍ አየሁት።»

ሁመድ ወደ እኔ ዞሩ። «ዓይን ሳያይ እጅ ጻፈ?»

ሰይድ ከመኪናው ሥር ራሱን አወጣ። ልጄ ልታሳጣኝ እንዳላሰበች ፊቷ ይመሰክር ነበር፤ ስንት ቀን አውቃ ዝም እንዳለችኝ ባሰብኩ ጊዜ ግን አንገቴን ደፋሁ። ሽማግሌው አንዱን ግመል አንበረከኩና «ውጣ። ከላይ ሆነህ እይ» አሉኝ። እንደምወድቅ ነገርኳቸው።

ጽጌ እጄን ያዘች። «እኔም ፈርቻለሁ አባዬ። አብረን እንፍራ።»

ወጣን። ግመል መጀመሪያ በኋላ እግሩ እንደሚነሣ የነገረኝ አልነበረም፤ ባርኔጣዬ በግመሉ ራስ ላይ አልፎ ወደቀ። ከዚያ ሜዳው ተገለጠልኝ፦ ጥቁሩ ድንጋይ፣ እንደ ክር የቀጠነው አስፋልት፣ ከሩቅ የአዲስ ቆርቆሮ ብልጭታ። ጽጌ ጀርባዬን አቅፋ ስትስቅ ሳቋ አጥንቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ይህን በእርግጠኝነት እናገራለሁ።

ጎማው ተቀይሮ ሰመራ ስንገባ የትምህርት ቢሮው ዘበኛ፣ «ደብዳቤ የያዙት መምህር እርስዎ ነዎት?» ሲል ተቀበለኝ። ከሁመድ ዳጉ ተቀብሎ በአጠገባችን ባለፈ የፒክአፕ ሾፌር ወሬያችን ቀድሞን ነበር። ጽጌ ቀና ብላ ታየኛለች።

«ደብዳቤውን ትቼዋለሁ» አልኩ። «የሚሠሩትን ቤቶች ብናይ ደስ ይለናል።»

አየን፤ ስድስት ዓመትም ኖርንባት። ሙቀቱ ከሰባቱ ነጥቦች ቢያንስ አራቱን አረጋግጦልኛል፤ ቢሆንም አልተጸጸትኩም። ለልጄ ብዙ ምክር መክሬአለሁ፤ አንዱንም ስትጠቅስ አልሰማሁም። ልጆቿን ይዛ መንገድ የምትወጣው፣ እየፈራሁ ግመል ላይ ስወጣ ስላየችኝ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ግን አልተረጋገጠም። ጽጌ ግመሉ ላይ ሆኜ ጮክ ብዬ እንደ ዘፈንኩ ትናገራለች። ማስታወሻዬ ዝም ይላል፤ ሰይድ የት እንዳለ አላውቅም፤ ያኔ ቤት የቀረችው ባለቤቴም «አንተ? በፍጹም» ብላለች። የዘፈኑን ግጥም ጽጌ አንድም ቃል ሳታጎድል ትነግረኛለች፤ እኔ ግን ግጥሙን ከእሷ አፍ በቀር ከማንም ሰምቼው አላውቅም፤ ወይ እሷ ፈጥራዋለች፣ ወይ እኔ እዚያው ፈጥሬ ረስቼዋለሁ።