ከጓሮዬ የተለቀመው ድንጋይ

ሚስቴ ያደገችው ሳነቴ ተራራ ግርጌ ነው። ጉልበቷ ከከዳት ወዲህ ዳገቱን አልወጣችም። ሮቤ ካለው ቤታችን ደጃፍ ቆማ ወደ ተራራው ስታይ አንጀቴን ትበላዋለች። ልጅ ሳለች ከዚያ ጦስኝ እየለቀመች ከሻይ ጋር ትጠጣ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ እሷ ወደ ጦስኙ መሄድ ካልቻለች ጦስኙ ይምጣላት ብዬ ተነሳሁ።

ጎባ ገበያ ጦስኝ ከምትሸጥ ሴት ሥር ያላቸውን እየመረጥኩ ገዛሁ። የጓሮዬ ጥቁር አፈር ግን ውሃ ይቋጥራል፤ የተራራ ተክል ደግሞ ሥሩ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል። ስለዚህ ከሱቄ ሰዓት እየሰረቅኩ ድንጋይ ከመርኩ፣ በመሃሉ አሸዋ ሞላሁ፣ ጦስኙን በየስንጥቁ ተከልኩ።

"ሰው እህል ይዘራል፣ የእኔ ባል ድንጋይ!" እያለች ሚስቴ ሳቀችብኝ። ለእሷ መሆኑን አልነገርኳትም። አበባው ሲፈነዳ ላስደንቃት ነበር ሐሳቤ።

እንቡጥ ማውጣት ሲጀምር ሁለታችንም ጎሮ ሠርግ ተጠርተን ሄድን። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ ጓሮው ተቆፍሮ፣ ለስልሶ ጠበቀን። አንዲት ጠጠር አልቀረችም። ጎረቤታችን ሽማግሌው ዶማቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ስንዴ አራሽ ናቸው፤ ለእሳቸው ደግነት ማለት የጎረቤትን መሬት ድንጋይ መልቀም ነው።

"አብሽር፣ ጨርሼልሃለሁ! አሁን ነጭ ሽንኩርት ትከልበት" አሉኝ።

ደሜ ፈላ። "ምን አደረጉኝ! ለእሷ ብዬ እኮ ነው! ተራራው ቢናፍቃት ጊዜ እዚሁ ላብቅልላት ብዬ!"

ምስጢሬ በንዴት አፈትልኮ ወጣ። ሚስቴ ከኋላዬ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፏ ግን እየሳቀ ነበር።

ሽማግሌው ግንባራቸውን መቱ። "ያ ረቢ! ድንጋይ ከሆነ የእኔ ማሳ መች አነሰው!"

በማግስቱ በአህያ ጋሪ ጭነው መጡ። "ዕድሜ ልኬን ስነቅለው ኖሬ ዛሬ ደግሞ ልትከለው!" እያሉ ቢያማርሩም፣ እያንዳንዷን ድንጋይ እያገላበጡ አስተካክለው አስቀመጡ። እኔ አጥር ሥር የተጣለውን ጦስኝ ለቀምኩ። አብዛኛው ደርቋል፤ አራት ሥር ብቻ ተረፈ። አራቱም ጸደቁ።

ከሳምንታት በኋላ ትንንሾቹ ሐምራዊ አበቦች ፈነዱ። እኔ ስፈነድቅ ሚስቴ ጎንበስ ብላ አንዱን ቅርንጫፍ ቀነጠሰችው።

"ኧረ ተዪው፣ እንየው እንጂ!" ብዬ ጮህኩ።

"ጦስኝ ለማየት ነው እንዴ የሚተከለው?" አለችና የፈላ ሻይ ውስጥ ጨመረችው። አንድ ጊዜ ፉት ብላ ዓይኗን ጨፈነች።

"ደረስኩ" አለችኝ።