ሲጋሩና ምሳ ዕቃው

ክፍሏ መስኮት የላትም። ድሮ የዕቃ ማስቀመጫ ነበረች መሰለኝ፤ ግድግዳው ላይ መደርደሪያ የተሰቀለባቸው ሚስማሮች ቀርተዋል። ጉለሌ ውስጥ፣ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ ያለ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ነው። ሲያስገቡኝ ሌላ እስረኛ አገኛለሁ ብዬ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚያስልም ቢሆን፣ የሚያንኮራፋም ቢሆን። ማንም የለም። ፖሊሱን “ብቻዬን ነኝ?” አልኩት። በሩን ዘጋው፣ በቃ።

የታሰርኩት ስለ ሰፈራችን ቤቶች መፍረስ ፌስቡክ ላይ በጻፍኩት ነገር ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ ብዬ በመጀመሪያው ቀን አምኛለሁ። እነሱ ግን አንድ ሰው አልበቃቸውም፤ ጎረቤቴንም ፈለጉት። ሽሮ ሜዳ ሸማ የሚሠራ፣ የአራት ልጆች አባት፣ አብሮ አደጌ ነው። እሱ ያደረገው ነገር ቢኖር ጽሑፉን አንብቦ ትንሽ አለስልሰው ማለት ብቻ ነው። አላለሰለስኩትም። ሲነግሩኝ የምሰማ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ በኋላ አሥራ አንድ ቀን ማንም አላናገረኝም። ዱላ የለም፣ ስድብ የለም። ምግብ ይገባል፣ ሳህን ይወጣል። ቀላል ይመስላል፤ ለእኔም መስሎኝ ነበር። በአምስተኛው ቀን ከሚስማሮቹ ጋር ማውራት ጀመርኩ። ጠዋት ጠዋት በበሩ ስንጥቅ ጆሮዬን ለጥፌ ከቁስቋም የሚመጣውን ቅዳሴ አዳምጣለሁ፤ ለጸሎት ብዬ አይደለም፣ የሰው ድምፅ ናፍቆኝ ነው።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና ኢንስፔክተሩ ይፈልግሃል ተባልኩ። ምርመራዬን የያዘው እሱ ነው። ግቢው መሀል፣ ፀሐይ ላይ፣ ጠረጴዛና ሁለት ወንበር ወጥቷል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት፣ እስክሪብቶ እና አንድ ሣጥን ሲጋር አለ። ሲጋራ አይደለም፤ ሲጋር፣ ያ ወፍራሙ። እኔ ከመታሰሬ በፊት አንድ ትልቅ ሆቴል ውስጥ የሲጋር ክፍል ኃላፊ ነበርኩ። አዲስ የመጣውን ቀምሶ ምን ምን እንደሚል ለእንግዳ መናገር የኔ ሥራ ነበር። ሰፈር ውስጥ ጭስ ቀማሹ ይሉኛል። ይበሉ።

ሣጥኑን ለኢንስፔክተሩ ሰው ሰጥቶታል፤ እሱ ደግሞ ለአለቃው ሊሰጠው አስቧል። ግን ከተማው የውሸት ሲጋር ሞልቶበታል፣ አለቃው ደግሞ የሚያውቅ ሰው ነው፤ እንዳይዋረድ ፈርቷል። ቅመስልኝ አለኝ። ከዚያ ወረቀቱን በጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው።

“አጭሰህ እስክትጨርስ አስብበት። ጎረቤትህ አብሮህ እንደጻፈ ከፈረምክ ዛሬ ቤትህ ታድራለህ። ካልሆነ ወደ ክፍልህ ነው፤ እስከ መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም።”

ጥሩ ሲጋር አንድ ሰዓት ተኩል ይቆያል። አንድ ሰዓት ተኩል ከሰው ጋር መቀመጥ! እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

መቁረጫ ስላልነበረ ምላጭ ጠየቅኩ። እስረኛ ምላጭ ሲጠይቅ ምን እንደሚመስል ያሰብኩት ፖሊሶቹ ሲተያዩ ነው። ኢንስፔክተሩ ራሱ ቆረጠው፣ ያውም አብዝቶ። እስረኛነቴን ረስቼ ተቆጣሁት፤ ጫፉን ብቻ እንጂ አንገቱን ማን ቁረጥ አለዎት አልኩት። ሳቀ።

ሲጋርን በሦስት ከፍለን ነው የምንቀምሰው። የመጀመሪያው ሲሶ ቁንዶ በርበሬ ነበር፤ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ፣ ከኋላው ዝናብ የነካው አፈር ያለበት። ቅጠሉ እኩል ይነድዳል፤ አመዱ ነጭ ነው፣ ጣት የሚያህል ሆኖ እንኳ አይረግፍም። ሁለተኛው ሲሶ ላይ ቁንዶ በርበሬው በረደና መራራ ቸኮላት መጣ፣ አዲስ የቆዳ ጫማ የሚሸተው ሽታም አለ። ከባድ ሲጋር ነው፤ አፍ ይሞላል። እንዲህ ያለውን በባዶ ሆድ ማጨስ ደግሞ ሞኝነት ነው። ላብ አጠመቀኝ፣ ግቢው ዞረብኝ። ኢንስፔክተሩ ስኳር የበዛበት ሻይ አስመጣልኝ።

ሻዩን እየጠጣሁ አወራን። የእንጦጦ ብርድ ጉልበቱን እንደገደለው ነገረኝ። ልጁ ሒሳብ እንደማይገባት ነገረኝ። እኔም አንድ እንግዳ ሲጋሩን በተቃጠለው በኩል ጎርሶት ምን እንደሆነ አወራሁለት፤ ሁለታችንም ሳቅን። ይህ ሰው ባይሄድ፣ ይህ ወሬ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ምን ልዋሽ፣ እስክሪብቶውን አንስቼ ነበር።

በዚህ መሀል ለአንድ መኪና የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ጎረቤቴ ሰማያዊ ምሳ ዕቃ ይዞ ውጭ ቆሟል። ስሙ እንደሚፈለግ እያወቀ በእግሩ መጥቷል። እኔን ያየኝ እግሬን አጣጥፌ፣ ሲጋር በአንድ እጄ፣ እስክሪብቶ በሌላው፣ ከኢንስፔክተሩ ጋር እየሳቅኩ ነው። ምሳ ዕቃውን ለዘበኛው ሰጥቶ ሄደ።

እስክሪብቶውን አስቀመጥኩ። ሲጋር እንደ ሲጋራ አይደፈጠጥም፤ ያስቀምጡታል፣ በራሱ ጊዜ ይጠፋል። የሻዩ ሳህን ላይ በቀስታ አጋደምኩት። ሦስተኛው ሲሶ ገና ነበር።

“እውነተኛ ነው። ለአለቃዎ ይስጡት፣ አያፍሩበትም።”

“ፊርማውስ?”

“ወደ ክፍሌ ይመልሱኝ።”

ኢንስፔክተሩ ሲጋሩን አንስቶ ሳህኑ ላይ ደፈጠጠው። ከሁሉ ነገር ያ ለምን እንዳናደደኝ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

ከሰዓት በኋላ ምሳ ዕቃው ገባልኝ። ቆጮና ጎመን ነበር። አልቅሼ በላሁ። ከዚያ ለመጠጥ በተሰጠኝ ውሃ አጠብኩት፣ በሸሚዜ አደረቅኩት፣ ሚስማሩ ላይ ሰቀልኩት። ያን ቀን ውሃ ሳልጠጣ አደርኩ።

ከወር በኋላ ያለ ምንም ማብራሪያ ለቀቁኝ። ለካ በመሀሉ ጎረቤቴንም ወስደው ሦስት ቀን አስረውታል፤ ጓደኛህ ፈርሞብሃል ብለውታል። ምሳ ዕቃውን ይዤ ቤቱ ሄድኩ። አልፈረምኩም፣ ኢንስፔክተሩ ሲጋር እንድቀምስለት ነው የጠራኝ አልኩት። ከአፌ ሲወጣ እኔው ራሴ ሰማሁት፤ ውሸት ይመስላል።

“ሰው ታስሮ ሲጋር ቅመስ ይባላል?” አለኝ ቀስ ብሎ። በሩንም ቀስ ብሎ ዘጋው።

ሆቴሉ አልመለሰኝም፤ እኔም ከዚያ ወዲህ ሲጋር አልቀመስኩም። ያ ወረቀት ሳይፈረም አንድ ፋይል ውስጥ ተቀምጦ ይሆናል። ማንም አያነበውም። እሁድ እሁድ ወደ ቁስቋም ስንወጣ መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ እንዴት አደርክ እለዋለሁ፣ እሱ ወደ ባሕር ዛፉ እያየ ያልፋል። ሰላምታዬን አላቋረጥኩም።

ምሳ ዕቃው ቤቴ መደርደሪያ ላይ አለ። በሩን የዘጋብኝ ዕለት ደጁ ላይ ትቼለት መሄድ እችል ነበር፤ አልተውኩትም። አቧራ እንዳይዘው ቅዳሜ ቅዳሜ አጥበዋለሁ። ዕቃዬን መልስ ለማለት እንኳ ቢሆን፣ አንድ ቀን በሬን ማንኳኳት አለበት።