በር ላይ ሁለቴ ኳ የምትል መኪና

መነጽር ሠሪዋ መኪናዋን ጋራዥ ማስገባት የማትችልበት ምክንያት አንድ ብቻ ነበር፤ ታናሽ ወንድሟ።

ወንድሟ አርባ አንድ ዓመቱ ነው። በከተማው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ የተበጣጠሱ መጻሕፍትን ይጠርዛል። እጁ የተመሰገነ ነው፤ እሱ የሰፋው መጽሐፍ ቅጠሉ ያልቃል እንጂ ስፌቱ አይፈታም ይሉለታል። ከቤት እስከ ሥራ ቦታው የሚሄደው ግን በአንዲት መኪና ብቻ ነው፤ አባታቸው በገዟት፣ ሠላሳ ዓመት በሞላት ውሃ ሰማያዊ መኪና፣ ከኋላ በግራ በኩል ተቀምጦ። አውቶቡስ አይሳፈርም። ታክሲ አይገባም። የሰው መኪናማ ጭራሽ አይታሰብም። የዛሬ ስድስት ዓመት መኪናዋ አምስት ሳምንት ጋራዥ ስትቆም እሱም አምስት ሳምንት ከክፍሉ አልወጣም። መኪናዋ ከተመለሰች በኋላ እንኳ እሱ ወደ ሥራው ለመመለስ አሥር ወር ፈጀበት። እህቱ ስለዚያ አሥር ወር አታወራም። ሰው ካነሳባት መነጽሯን አውልቃ፣ ንጹሕ የሆነውን መስታወት ደጋግማ ትወለውላለች።

ጉዟቸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ከጠዋቱ አንድ ተኩል ሲል ሞተር ይነሳል። ግቢያቸው ወደ ጎን የሚንሸራተት የብረት በር አለው፤ በሩ የሚሄድበት ሐዲድ ከመሬት ሁለት ጣት ያህል ከፍ ይላል። የፊት ጎማዎች ሐዲዱን ሲሻገሩ መኪናዋ «ኳ!» ትላለች። የኋላዎቹ ሲሻገሩ እንደገና «ኳ!»። ያኔ ወንድም ራሱን ይነቀንቅና «ሂጂ» ይላል። እህት ትሄዳለች። ይህ ለዓመታት አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም።

እንግዲህ በዓመታዊው የመኪና ምርመራ ላይ ወጣቱ መርማሪ ወረቀቱን ሲያቀብላት የተሰማትን መገመት አያስቸግርም።

«እህቴ፣ ይቺ መኪና እኮ ከእኔ በሁለት ዓመት ትበልጣለች» አላት። «ተነስቼ ነበር መቀበል የነበረብኝ።»

«ተነስተህ ነው እንግዲህ የጣልካት?»

«በክብር ነው የጣልኳት» ብሎ ሳቀ። ወረቀቱን ግን አልቀየረም።

ወረቀቱ ላይ አራት ነገር ተጽፏል፦ የኋላ ፍሬን አይመጣጠንም፤ የጭስ ማውጫው ማርሚታ ያፈሳል፤ የፊት መብራት ደካማ ነው፤ የፊት እግር ይመታል። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ካልተስተካከለ ሰሌዳዋ ይፈታል።

ስለዚህ ጥገናው በግቢ ውስጥ፣ ከሰዓት በኋላ ብቻ፣ በማግስቱ አንድ ተኩል ላይ መኪናዋ በአራት ጎማዋ ቆማ እንድትገኝ ተደርጎ መሠራት ነበረበት። እጅ ከእሷ፣ አፍ ከጎረቤቷ ከጋሽ ካምቢዮ። ጋሽ ካምቢዮ ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ጋራዥ የጨረሱ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው፤ ስሙን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። ጉልበታቸው አልታጠፍ ስላላቸው የተገለበጠ ሣጥን ላይ ተቀምጠው ያዛሉ።

«እየፈታሽ ነው?»

«እየፈታሁ ነው ጋሼ።»

«ወደ ግራ ነው የሚፈታው።»

«አውቃለሁ።»

«ካወቅሽ ለምንድን ነው የምታጠብቂው?»

ጎንበስ ብላ አየች። እውነትም እያጠበቀች ነበር።

ስለ ፍሬኑ ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ ደግሞም ማስረዳቱ ደስ ይላል። በምርመራው ቦታ መኪናዋ ጎማዎቿን በሚሽከረከሩ ዘንጎች ላይ አድርጋ ትቆማለች። ዘንጎቹ ጎማውን ያሽከረክራሉ፤ ነጂው ፍሬን ይረግጣል፤ መሣሪያው ደግሞ እያንዳንዱ ጎማ በምን ያህል ኃይል «አልዞርም» እንዳለ ይለካል። የግራና የቀኙ እምቢታ እኩል ካልሆነ መኪናዋ በድንገት ስትቆም ወደ አንድ ወገን ትጎተታለች። በዚች መኪና ላይ የቀኙ ጎማ አጥብቆ ሲይዝ የግራው የይስሙላ ብቻ ነበር የሚይዘው። ታምቡር የሚባለውን ከበሮ መሰል ብረት ስትከፍተው ምክንያቱ ወለል ብሎ ታየ። የፍሬን ዘይት በትንሹ ፈስሶ፣ ከበሮውን ከውስጥ አጥብቆ የሚይዘውን ሸራ አርሶታል። ዘይት የነካው ሸራ ያንሸራትታል፤ ቢታጠብም አይመለስም። አንዱን ብቻ መቀየር ደግሞ ሌላ መዛባት ያመጣል። ስለዚህ የሚያፈስሰው ዕቃ ተቀየረ፣ ሸራውም በሁለቱም ወገን ተቀየረ። ይህ የመጀመሪያውን ቅዳሜና እሑድ ወሰደ። ሰኞ ጠዋት ወንድሟ ገባ፣ ኳ፣ ኳ፣ «ሂጂ»።

መብራቱ ደግሞ የራሷ ሙያ ነው! የመብራቱ ሽፋን በፀሐይ ብዛት ቢጫ ሆኖ ደፍርሷል። አምፖሉ ጤነኛ ነው፤ ብርሃኑ መውጫ አጥቶ ነው እንጂ። በውሃ እያራሰች በሻካራ የብርጭቆ ወረቀት ጀመረች። ይህን ጊዜ ሽፋኑ ከበፊቱ ብሶበት ነጭ ሆነ፤ ጋሽ ካምቢዮ «በቃ፣ ዓይኗን አጠፋሻት!» ብለው ጮኹ። እሷ ግን ታውቀዋለች። ትልቁን ጭረት በትንሽ፣ ትንሹን በባሰ ትንሽ ጭረት እየተካች ሄደች፤ ጭረቱ ዓይን ከሚያየው በታች ሲሆን ጥራት ይባላል። በመጨረሻ መነጽር በምትወለውልበት ቅባት ስትጨርሰው ሽፋኑ እንደ ምንጭ ውሃ ጠራ።

ማርሚታው ቀዳዳው ተደፈነ። በማግስቱ ወንድሟ ሞተሩን ሰምቶ «ጉሮሮዋን ጠርጋለች» አለ። ፊቱ ትንሽ ጨልሞ ነበር። ግን ገባ። እህት ያን ፊት አይታዋለች፤ የሥራው ሙቀት ግን አስረሳት።

የቀረው የፊት እግር ነው። ጎማውን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያይዝ የብረት ክንድ አለ፤ ጫፉ ላይ ወፍራም ላስቲክ ተሰክቷል። ላስቲኩ አርጅቶ ሲሰነጠቅ ብረቱ ከብረት ይጋጫል። በሐዲዱ ላይ «ኳ» የሚለው ይኸው ነበር፤ ችላ ከተባለ ክንዱ አንድ ቀን መታጠፊያ ላይ ይለቅቃል። አርብ ከሰዓት በኋላ ክንዶቹን አወረደች፣ በሞርሳ እየጨመቀች አሮጌውን ላስቲክ አስወጣች፣ አዲሱን አስገባች። ሲመሽ አራቱም ሥራ አልቋል።

እዚህ ላይ ማቆም ነበረባት። ነገር ግን ሥራ የሚወድ ሰው እጁ ከሞቀ በኋላ ማቆም ይቸግረዋል። የበሩን መስታወት አጠበቀች። የሲጋራ መተርኮሻውን ክዳን አጠበቀች። ከኋላ ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ልቅ ሆኖ የኖረውን የመኪና ማንሻ ክሪክ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልላ በገመድ አሰረችው። ይህ ሁሉ ወረቀቱ ላይ አልነበረም።

ቅዳሜ መኪናዋ አለፈች። ወጣቱ መርማሪ ቦሎውን በእጁ ለጠፈላትና «አሁን ገና እነሳላታለሁ» ብሎ ከወንበሩ ተነሳ። እህት ጡሩምባ እየነፋች ግቢ ገባች። ወንድሟ በመስኮቱ ቆሞ ነበር። እጇን አውለበለበችለት። እሱ አላውለበለበም።

ሰኞ አንድ ተኩል ላይ ገብቶ ተቀመጠ። የፊት ጎማዎች ሐዲዱን ተሻገሩ። ዝም። የኋላዎቹ ተሻገሩ። ዝም።

«አቁሚ» አለ።

«ምነው ሆዴ?»

«የእኛዋ የት ሄደች?»

«ይቺው ናት እኮ። ተሽሏት ነው።»

በሩን ከፈተ፤ ወርዶ ወደ ክፍሉ ተመለሰ። የበሩን ቁልፍ ሲያዞር ሰማችው። ያን ድምፅ ከስድስት ዓመት በፊት ጀምሮ ታውቀዋለች።

ማክሰኞም አልወጣም። የጥረዛ ክፍሉ ኃላፊ ስልክ ደወሉ። ደግ ሴት ናቸው። «አርብ አዲስ ሰው ሊመድቡብኝ ነው። እስከዚያ ወንበሩ ላይ ማንም አይቀመጥም» አሉ። «ከዚያ ወዲያ ግን የእኔ ቃል ብቻውን አይበቃም፣ የኔ እህት።»

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጋሽ ካምቢዮ ሣጥናቸውን ወደ መኪናዋ አስጠጉ፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ የክንዱን ዳዶ ሁለት ዙር ላላ ብታደርጊው ኳ ማለቱ አይቀርም። ቦሎው እንደሆነ ተለጥፏል።»

መፍቻውን ይዛ ከሥር ገባች። ዳዶው ላይ ገጠመችው። ከሣጥኑ ላይ የሚታያቸው እግሯ ብቻ ነው፤ እግሯ ብዙ ቆየ ሳይንቀሳቀስ። ከቤተ መጻሕፍቱ በፊት ድልድይ አለ፤ ከድልድዩ በኋላ ደግሞ ቁልቁለትና መታጠፊያ።

«ጋሼ» አለች ከሥር።

«አቤት።»

«ከኋላ በግራ የሚቀመጠው ማን ሆነና ነው?»

ጋሽ ካምቢዮ «ምላሴን በቆረጠው» ብለው ተነሱ፤ ሣጥናቸውን እንኳ ሳይወስዱ ሄዱ። እሷ መፍቻውን ይዛ ወጣች። ዳዶው ባለበት ነበር።

በሙያዋ አንድ የምታውቀው ነገር አለ። ለዓመታት የተሳሳተ መነጽር ያደረገ ሰው ትክክለኛውን ስትሰጠው አያመሰግናትም። መሬቱ ተነሳብኝ፣ ደረጃው ራቀብኝ ይላል። ዓይኑ ከስሕተቱ ጋር ተላምዷልና። እንዲህ ያለውን ደንበኛ «ተሳስተሃል» አትለውም። ከለመደው ውስጥ የማይጎዳውን ትፈልግለታለች።

እናም ረቡዕ ሁለቱን «ኳ»ዎች ለየብቻ መመርመር ጀመረች። የፊቱ ከየት እንደነበረ ታውቃለች፤ እሱ በሽታ ነው። የኋላውስ? የኋላ እግሮቹ ጤነኞች ናቸው፤ መርማሪውም አንድ ቃል አልጻፈባቸውም። መስታወቱን አላልታ ሐዲዱን ተሻገረች፤ ዝም። መልሳ አጠበቀችው። የመተርኮሻውን ክዳን ከፈተች፤ ትንሽ ተንቃጨለ እንጂ ኳ አላለም። ጎረቤቶች አጥር ላይ ተንጠላጠሉ።

«ምን ሆና ነው በሩ ላይ የምትመላለሰው?»

«መንጃ ፈቃዷን ልታድስ ነው መሰለኝ!»

በዘጠነኛው ጉዞ ክሪኩን ከብርድ ልብሱ ፈትታ፣ እንደ ድሮው ሻንጣ ማስቀመጫው ውስጥ ልቅ አድርጋ አስቀመጠችው። የፊት ጎማዎች ተሻገሩ፤ ዝም። የኋላዎቹ ሲሻገሩ፣ «ኳ!»

ቀና ስትል ወንድሟ በረንዳው ላይ ቆሟል። በካልሲ ነው።

«የኋላው መጥቷል» አለ።

«መጥቷል።»

«የፊቱስ?»

ልትዋሸው ትችል ነበር፤ ለነገ ቀጠሮ ልትሰጠው። «የፊቱ በሽታ ነበር ሆዴ» አለች። «እሱን መመለስ አልችልም። ቢመለስ እኔም አልነዳትም።»

ከዚያ ተመልሶ ገባ፤ ቁልፉም ዞረ።

ሐሙስ አንድ ተኩል ላይ ሞተር አስነስታ እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቀች። አልመጣም። የመነጽር ሱቋን ሳትከፍት ዋለች።

አርብ እንደገና አስነሳች። አንድ ተኩል አለፈ። አንድ ከአርባ ሆነ። እጇ ወደ ቁልፉ ሲሄድ የኋላው በር ተከፈተ። ወንድሟ የሥራ ሽርጡን አጥፎ በብብቱ ይዟል። ተቀመጠ። በሩን ሳይዘጋ ቆየ። ከዚያ ዘጋው።

በጣም ቀስ ብላ ነዳች። የፊት ጎማዎች ሐዲዱ ላይ ወጡ።

«ኳ!»

በኋላ መመልከቻው መስታወት አየችው፤ ጣቱን አጥፎ በአጥንቱ የበሩን ብረት መትቷል። ከዚያ የኋላ ጎማዎች ተሻገሩ፤ ክሪኩ ከኋላ «ኳ!» ብሎ መለሰ።

«ሂጂ» አለ።

ሄደች። በድልድዩ መጋጠሚያ ላይ መታ። በትምህርት ቤቱ የፍጥነት ማብረጃ ላይ መታ። የፊት ጎማዎች በተነሱ ቁጥር፣ ድሮ ኳ ይል በነበረበት ቦታ ሁሉ፣ አንዱንም ሳይስት መታ። እሷ አሥራ ሰባት ቆጠረች፤ በእያንዳንዱ መሐል የሚቀጥለውን እንዳይተው እየፈራች። ቤተ መጻሕፍቱ በር ላይ ሲወርድ የጣቱ መገጣጠሚያ ቀልቶ ነበር።

«እትዬ።»

«አቤት።»

«በጣም ታማ ነበር?»

«በጣም።»

የፊቱን ጎማ ጎንበስ ብሎ አየው። ሰኞ እመጣለሁ አላለም፤ አልመጣምም አላለም። ሽርጡን እየዘረጋ ወደ ምድር ቤቱ ወረደ።

ቤቷ ስትደርስ ጋሽ ካምቢዮ ሣጥናቸው ላይ ተመልሰው ተቀምጠዋል። ዓይናቸውን ግን መሬት ላይ ነው የጣሉት። የፊት ጎማዎች በዝምታ ተሻገሩ። የኋላዎቹ «ኳ!» አሉ።

«አንዱ ጎድሏል» አሉ ሽማግሌው።

«አንዱ ሥራ ገብቷል ጋሼ» አለችና ሞተሩን አጠፋች።