ቢጫው ሶስ

ያ በርገር ከምግብ ቤቱ ሰሌዳ ላይ የጠፋ ቀን ዞር ብዬ ወደ ቤት መመለስ ነበረብኝ። አየሁት እኮ! ግን እኔ ስናደድ ዓይንም ጆሮም የለኝም።

የእህቴ ልጅ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ለውዝ አይስማማትም፤ አይስማማትም ስል ሆዷን ይቆርጣታል ማለቴ አይደለም፣ ጉሮሮዋ ይዘጋል። እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ስለምትገባ ልጅቷን የምይዘው እኔ ነበርኩ። እዚሁ ለንደን፣ ሃርልስደን ሰፈር፣ ከባቡር ጣቢያው ዝቅ ብሎ ያለው በርገር ቤት እንሄዳለን። እህቴ አንድ በአንድ ቼክ አድርጋ የፈቀደችልን አንዱን ብቻ ነው፤ የዶሮ በርገር፣ ከቢጫ ሶስ ጋር። ሰናፍጭና ማር ማር የሚል ሶስ ነበር። ልጅቷ ከዳቦው ጠርዝ የሚንጠባጠበውን በጣቷ እየጠረገች ትልሳለች፣ እኔም ሳላፍር እንደሷ አደርጋለሁ።

የዚያን ቅዳሜ ሰሌዳው ላይ የበርገራችን ሥዕል የለም። በቦታው ጠቆር ያለ ቀይ ሶስ የፈሰሰበት አዲስ በርገር ተሰቅሏል። ሻጯን ጠየቅኳት።

"አቁመነዋል" አለችኝ፣ ቀና ብላ እንኳን ሳታየኝ።

ደሜ ፈላ። ሰው የሚወደውን ነገር ለምን ታነሳላችሁ ብዬ ጮህኩባት። ስለ አሮጌው ሶስ ስጨቃጨቅ አዲሱ ውስጥ ምን እንዳለ ሳልጠይቅ ቀረሁ።

ለሷ ቺፕስ ብቻ ገዛሁላት፤ ይህችን ያህል እንኳ አስቤያለሁ። ለራሴ አዲሱን ያዝኩ። ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ደረቅ ቺፕስ ስታኝክ ግን ሆዴ አልቻለም። ልጅ እያየኝ ብቻዬን ልበላ? ራሴ ገና ሳልቀምሰው ቆርሼ፣ ሶሱን በደንብ አስነክቼ፣ እጄን ዘረጋሁላት።

"እማዬ አትብዪ ብላኛለች።"

"ዶሮ እኮ ነው የኔ እናት። አንዴ ብቻ፣ በሞቴ!"

የትልቅ ሰው ጉርሻ እንደማይመለስ ያስተማርናት እኛው ነን። አፏን ከፈተች።

ከዚያ እኔ ጎረስኩ። መጀመሪያ አቃጠለኝ። ከማቃጠሉ ስር ግን ሌላ ጣዕም መጣ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው። የተቆላ ለውዝ።

"ትፊው! ትፊው!" አልኩ። ውጣዋለች።

ዓይኔ እያየ ከንፈሯ አበጠ። ለእንዲህ ያለ ጊዜ ሐኪም የሰጣት መርፌ ቦርሳዋ ውስጥ ነበር፣ እህቴም አሥር ጊዜ አሳይታኛለች፤ እጄ ግን ክዳኑን እንኳ መክፈት አቃተው። ያቺ የጮህኩባት ሻጭ ሮጣ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝና ጭኗ ላይ ወጋቻት። አምቡላንስ የጠራችውም እሷ ናት።

ተረፈች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። እህቴ ሆስፒታል ስትደርስ አልተቆጣችኝም። "ጠይቀሽ ነበር?" ብቻ አለችኝ። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሠርግ ላይም ሆነ በዓል ላይ ሰው አጉርሼ አላውቅም። ኮራች ይሉኛል። ይበሉ።

ባለፈው ሳምንት ያቺው ልጅ ደወለችልኝ። አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታለች።

"አክስቴ፣ ቢጫው ሶስ ተመልሷል! ለአንድ ወር ብቻ ነው፣ እንሂድ!"

ወይ ጉዴ! እምቢ ማለት አቃተኝና ሄድን። ምን ምን እንዳለበት ሻጩን ጠየቀች፣ ዝርዝሩንም ስልኳ ላይ አነበበች፤ እኔ ደግሞ ተቀብያት ሁለቴ አነበብኩት። ያው የድሮው ነው አለች። እኔ ግን ጣዕሙን አላገኘሁትም። ምላሴ ከስሩ ለውዝ ይፈልጋል።

ቆርሳ አጎረሰችኝ። ከዚያ አፏን ከፍታ ጠበቀች።

"ራስሽ ብዪ" አልኳት፣ እጄን ጠረጴዛው ስር ከትቼ።

"እስከ መቼ ነው አክስቴ? በሞቴ!"

እጄን ከጠረጴዛው ስር አወጣሁ። ቆረስኩ። አጎረስኳት። እያኘከች ስለ ትምህርቷ መሰለኝ ታወራኛለች። አንድም ቃል አልሰማሁም፤ የማየው ከንፈሯን ነበር።