አንድ ጆሮው ቤት የቀረ ጠጋኝ

ሸሚዙን ገልብጦ ለብሶ መጣ። በአንድ ጆሮው የስልክ ማዳመጫ ሰክቷል። የክሊኒካችን ኮምፒውተሮች ከጠዋት ጀምረው እንደ ኤሊ እየተንፏቀቁ፣ የካርድ ክፍሌ ሰልፍ ደጃፍ ደርሶ ነበርና «ተመስገን፣ ኔትወርክ ጠጋኙ ደረሰልን» አልኩ። ሰውየው መቆም አያውቅም፤ ከመዳብ ገመዱ ወደ ፋይበሩ፣ ከፋይበሩ ወደ ገመዱ እየተመላለሰ የየመስመሩን ቅንብር በሁለቱም ጫፍ ያያል። በየመሃሉ «አለሁ እማዬ» ይላል።

«ወንድሜ፣ ወሬውን ተወውና ሥራህን ሥራ!» አልኩት።

«ወሬ አይደለም እህቴ። እናቴ ታማ አልጋ ላይ ናት፤ ቤት ሌላ ማንም የለም።» ዓይኑን ከማሽኑ አልነቀለም። «ይኸው ጉዱ! ይኼኛው የመስመሩ ጫፍ እየተናገረም ያዳምጣል፤ ያኛው ግን ሲናገር ማዳመጥ አይችልም። ታዲያ እንዴት አይጋጩ!»

የሁለቱን ጫፍ ቅንብር አንድ ዓይነት ሲያደርገው ኮምፒውተሮቹ ነፍስ ዘሩ። ሰልፈኛው አጨበጨበ። እሱ ግን ማዳመጫውን በጣቱ ተጭኖ፣ ዝም እንድንል እጁን አነሳ።

«እማዬ?» ፊቱ አመድ መሰለ። «እማዬ!»

ጭብጨባው ተቋረጠ። እኔም ከወንበሬ ተነሳሁ።

«አስነጠሳት» አለን በመጨረሻ፣ ግድግዳውን ተደግፎ።

ሰልፈኛው ሁሉ የየራሱን ሕመም ረስቶ ባንድ አፍ፣ «ይማርዎት!» አለ።