የቦንግኔ ሐረግና የጎረቤቷ ዛፍ

በዚያ ደጋ መንደር ቦንግኔን የማትፈራ ሙሽራ አልነበረችም። አንዲቱ ኦሚጃን፣ ያን ቀይ ባለ አምስት ጣዕም ፍሬ፣ በፈላ ውሃ ያዘጋጀች እንደሆነ ወየውላት! «ፍሬው ኩሩ ነው! በቀዝቃዛ ውሃ አሳድረሽ ተለማመጪው፤ በእሳት ካስፈራራሽው ይመርብሻል» እያለች በሰው ፊት ታሳፍራታለች።

ቦንግኔ ራሷ ሙሽራ ሳለች ከጫካ አምጥታ የተከለቻት የኦሚጃ ሐረግ ነበረቻት። ልጆቿ አድገው ከተማ ሲገቡ፣ ሐረጊቱ ግን የሄደችው እስከ ጎረቤት ነው፤ አጥሩን ተሻግራ በፓንሱል የጋም ዛፍ፣ ያ ብርቱካንማ ጣፋጭ ፍሬ በሚያፈራው፣ ላይ ወጣች።

አንድ የመከር ጠዋት ፓንሱል መጋዝ ይዞ ብቅ አለ፤ ቦንግኔንም እንደ ልማዱ በልጇ ስም ጠራት።

«የሱቾል እናት! ሐረግዎ ዛፌን አንቃ ልትገድለው ነው። ከምሳ በኋላ ከሥሯ እቆርጣታለሁ።»

«ዛፉማ በእርጅና ነው የሚደርቀው፣ እንደ ባለቤቱ!»

«ታዲያ ሽማግሌ ላይ ምን አንጠላጠላት?»

ቦንግኔ ምላሷ እንደጎዳት ገባት። ይህ ሰው የኦሚጃ ውሃ ይወዳል፤ በሱ ልታባብለው አሰበች፤ ግን ለማሳደር ጊዜ የለም። ግራ ቀኙን አየች፤ በሯን ዘጋች፤ የአምናውን ደረቅ ፍሬ በድስት ጣደች።

ፓንሱል ያቀረበችለትን አንዴ ተጎነጨና ከምሬቱ አንድ ዓይኑ ተጨፈነ።

«ፈልቷል!»

«ማን? የኔ?»

«ሟቿ ባለቤቴ ሙሽራ ሳለች እንዲህ አፍልታ፣ በእርስዎ ስድብ ሦስት ቀን አልቅሳለች!» አለና እስኪያስለው ሳቀ። «አንዱን ይምረጡ። ሐረጊቱ ትቆረጥና አፌን እለጉማለሁ፤ ወይ ሳትቆረጥ ትቅርና ዛሬ በመንደሩ አዳራሽ ራስዎ ይናገሩ።»

ቦንግኔ ሐረጊቱን አየቻት። ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ወጣች።

በአዳራሹ የተቀመጡት አሮጊቶች ሁሉ የትናንት ሙሽሮች ነበሩ። «አፈላሁት» ስትል ወለሉን እየደበደቡ ሳቁ። አንዷ እንባዋን እየጠረገች፣ «እባክሽ እህቴ፣ ጆሮዬ ደክሟል፤ ድገሚልኝ!» አለች። ደገመችላት።

በማግስቱ ፓንሱል ለሐረጊቱ መውጫ የሚሆኑ ቋሚ እንጨቶች ተከለ። ሐረጊቱን ከዛፉ ላይ ቀስ ብለው እያላቀቁ አብረው አወረዷት። ዛፉ ጫፍ ላይ ግን አንድ የኦሚጃ ዘለላ ቀረ፣ በመንደሩ ልማድ ለወፎች ከሚተዉት ጋሞች አጠገብ።

«እሱም የወፎቹ ድርሻ ይሁን» አለች ቦንግኔ።

ፓንሱል ወደ ላይ አንጋጦ ጮኸ፦ «አደራችሁን፣ እንዳታፈሉት!»